ከኩሬ ወደ ኩሬ
(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን የክርክር ክፍል «የተማረ ሰው አገሩን ትቶ ለምን ይሄዳል? አገሪቱስ እንዴት ልታስቀረው ትችላለች?» በሚል ርእስ እንድናገር ሲጠይቀኝ፣ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ እንዳልሆነ ወዲያው ገብቶኛል። የተመረጥሁት ከሽንፋ ስለ መጣሁ ነው። የሚሄደው ሰው ሁሉ በደጃፋችን አጠገብ ያልፋልና፣ ስለ መንገደኛ የሚጠየቀው በመንገድ ዳር ቤት ያለው ሰው ነው።

ሽንፋን ለማታውቋት ጥቂት ልበል። ከጎንደር ተነሥቶ በአይከል በኩል ወደ መተማ ቈላ የወረደ ሰው የደጋ ካፖርቱን በመንገድ ላይ ያወልቃል። አገሩ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚዘራበት ነው። ክረምት ሲገባ ዋልካው መኪናንም በቅሎንም ይዞ ያስቀራል። ድንበሩን ሲሻገሩ ገላባት፣ ከዚያ ገዳሪፍ፣ ከዚያም ካርቱም ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. የወደቁት በዚሁ በመተማ ስለ ሆነ፣ የእኛ አገር ሰው ድንበር የሚባለውን ነገር በካርታ ሳይሆን በደም ነው የተማረው።

ልጅ ሳለሁ ሰሊጥ ሲደርስ ከደጋ ብዙ ሠራተኛ ማጭዱን ይዞ ይወርድ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል አልፎ አልፎ ማጭድ ያልያዘ፣ ጫማው የከተማ የሆነ፣ እጁ ለስላሳ የሆነ ወጣት ይታያል። እናቴ ውሃ ሰጥታው ከሄደ በኋላ «ይኸኛው ለሰሊጥ አልመጣም» ትል ነበር። ከእነዚያም አንዱ በትምህርት ቤታችን የሒሳብ መምህር የነበረ ሰው ነው። አንድ ሰኞ ጧት ሰሌዳው ሳይጻፍበት ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ያየው የለም።

ባለፈው ጊዜ በዚህ መድረክ የተናገረው ጓደኛችን፣ የሚሄደው ሰው ሁሉ የአገር ፍቅር የጐደለው ነው ብሎ ብዙ ጭብጨባ አግኝቷል። ጭብጨባውን አልመቀኘውም፤ ሐሳቡን ግን አልቀበለውም። እኔ እንደማየው፣ ባለሙያ ሰው አገሩን የሚተወው ዕውቀቱ የሚሠራበት ስፍራ ሲታጣ ነው። ይህንንም ለማስረዳት ከሩቅ፣ ያውም ከ74,000 ዓመት በፊት እንድጀምር ፍቀዱልኝ።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት፣ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ መምህር በጆን ካፔልማን የሚመራ ቡድን ስለ ሽንፋ ወንዝ ዳርቻ ያደረገውን ጥናት አትሞ ነበር። በሱማትራ ደሴት የሚገኘው ቶባ የተባለው እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ዘመን፣ በእኛ ወንዝ ዳር ሰዎች ይኖሩ ኖሯል። የፍንዳታው ብናኝ የሕንድን ውቅያኖስ ተሻግሮ መጥቶ፣ በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚታዩ የብርጭቆ ቅንጣቶች ሆኖ በአፈራችን ውስጥ ተገኝቷል። አየሩ ሲደርቅና በጋው ሲረዝም እነዚያ ሰዎች ዓሣ መብላት አበዙ። ወንዙ በበጋ ስለሚቈራረጥ፣ በኩሬው የቀረውን ዓሣ ይይዛሉ፤ እርሱ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ኩሬ ይሄዳሉ። ሊቃውንቱ የሰው ልጅ ከአፍሪካ የወጣው እንዲህ ከኩሬ ወደ ኩሬ እያለ ሳይሆን አይቀርም ብለው ይገምታሉ።

ወንዙን የማውቀው ስለ ዋኘሁበት ነው። በሚያዝያ ወር ዓሣው በኩሬ ውስጥ ተጠራቅሞ በእጅ እስከ መያዝ ሲደርስ አይቻለሁ። ጥናቱን ሳነብም ያስገረመኝ ነገር፣ ከሊቃውንቱ አንዱም እንኳ ስለ እነዚያ የጥንት ሰዎች «የወንዛቸው ፍቅር አልነበራቸውም» ብሎ አለመጻፉ ነው። ኩሬው ደረቀ፤ ሄዱ። በዘመናችን ሰው ላይ ሲሆን ግን ስለ ኩሬው መጠየቅ ትተን ስለ ልቡ እንጠይቃለን።

የቅርቡን ታሪካችንን ስንመለከትም ነገሩ ያው ነው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በፊት ወደ ውጭ አገር ለትምህርት የተላኩት ኢትዮጵያውያን አብዛኞቹ ይመለሱ ነበር። ያ ዘመን ለገበሬው መልካም ነበረ ማለቴ አይደለም፤ መሬቱን አንሡት ያሉት እኮ እንደ እኛ ያሉ ተማሪዎች ናቸው። ነገር ግን የተመለሰውን መሐንዲስ መንገድ፣ ሐኪሙን አዲስ ሆስፒታል፣ መምህሩን አዲስ ዩኒቨርሲቲ ይጠብቀው ነበር። ከዚያ በኋላ ቀይ ሽብር መጣ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከጎንደርም ከሌላውም ከተማ ብዙ ወጣት የማታ ማታ በቈላው አድርጎ በእግሩ ወደ ሱዳን ተሻገረ። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1980 የስደተኞች ሕጉን ሲያወጣ፣ ከገዳሪፍና ከካርቱም ብዙው ወደዚያ ተወሰደ። እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1996 ባለው ጊዜ ለትምህርት ከሄዱት 22,700 ያህል ኢትዮጵያውያን የተመለሱት 5,777 ብቻ እንደ ሆኑ ተጽፏል። ከአራቱ ሦስቱ ቀሩ ማለት ነው። የአባቶቹ ልብና የልጆቹ ልብ በዐሥር ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ተለወጠን? እኔ አይመስለኝም። የተለወጠው የሚመለሱበት ቤት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው የአንድ ሰው ታሪክ ስለ ሆነ፣ በእርሱ ላይ ጥቂት ብቈይ አትቀየሙኝ። ዶክተር ገቢሳ እጀታ ወሎንኮሚ በምትባል መንደር ተወልደው፣ ለትምህርት 20 ኪሎ ሜትር እየተጓዙ ሳምንቱን ከቤታቸው ርቀው የሚሰነብቱ ልጅ ነበሩ። በጅማ እርሻ ትምህርት ቤትና በዓለማያ ኮሌጅ ተምረው፣ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የዶክትርና ማዕርግ ተቀበሉ። ጥናታቸው ማሽላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ወደ አፍሪካ ተመልሰው ሥራ የጀመሩት ግን ኢትዮጵያ ውስጥ አልነበረም፤ ሱዳን ውስጥ ነው። ከሱዳን ተመራማሪዎች ጋር ሠርተው፣ ድርቅ የሚችል ሐጊን ዱራ አንድ የተባለ ድቅል ማሽላ አወጡ። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበሬ ተሰጠ። ከዐሥራ አምስት ዓመት ያህል በኋላ በሱዳን አንድ ሚሊዮን ኤከር በሚያህል መሬት ላይ ይታጨድ ነበር። ቀጥለውም አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣት ደከሙ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

አቀንጭራ ምን እንደ ሆነ የከተማ ልጅ አያውቅም። ሐምራዊ አበባዋ ደስ ይላል፤ ሥሯ ግን የማሽላውን ሥር ይጠባል። ቈላ ያደገ ልጅ ከአባቱ ጋር ሲነቅላት ውሏል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እጥፍ ሆና ትበቅላለች። እንግዲህ አስቡት፤ ስለ ማሽላ ከሚያውቁት ከዓለም ሊቃውንት አንዱ የሆነ ኢትዮጵያዊ፣ ከመተማ ድንበር ማዶ ተቀምጦ የጎረቤታችንን ማሳ ያለማ ነበር፤ እኛ ወዲህ ማዶ አበባዋን እንነቅላለን። አቀንጭራን የሚቋቋመው ዘር ቈይቶ ለእኛም አገር ደርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ስምንት ቶን ዘር ለዐሥራ ሁለት የአፍሪካ አገሮች ሲታደል ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች። ይህ ሁሉ የሚያሳየው ሱዳን ከእኛ የበለጠ ሀብታም እንደ ነበረች አይደለም። በዚያን ጊዜ ለዚያ ዓይነት ጥናት የሚሆን ማሳ፣ አብሮ የሚሠራ ሰው፣ ዘሩንም የሚያባዛና ለገበሬ የሚያደርስ ሥርዓት እዚያ ስለ ተገኘ ነው።

ከታላላቆቹ ወደ ታናናሾቹ ልውረድ። በቈላ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ይሠራ የነበረ የጤና መኰንን አውቃለሁ፤ ይህን ትምህርት እንድማር የመከረኝም እርሱ ነው። በአካባቢያችን ካላዛር የሚሉት በሽታ አለ። የአሸዋ ዝንብ የምትባል ትንሽ ነፍሳት ሌሊት በመናከስ የምታመጣው ሲሆን፣ በዋልካው ስንጥቅና በግራር ሥር ትራባለች። ከደጋ ወርዶ ማሳ ላይ የሚያድረው ሠራተኛ ዋና ሰለባዋ ነው። ሆድ ያብጣል፤ ሰውነት ይከሳል፤ ካልታከመም ሰውየው ይሞታል ማለት ይቻላል። በሽታው በጊዜ ከታወቀ ግን በ17 ቀን መርፌ ይድናል። ለማወቅም ከጣት አንድ ጠብታ ደምና አንዲት የመመርመሪያ ወረቀት ትበቃለች።

ያች ወረቀት ነበረች የጠፋችው። ይህ ሰው ሁለት የአጨዳ ወራት ሙሉ ደብዳቤ ሲጽፍ ከረመ። በሽተኛውን በእጁ ዳስሶ ጣፊያው ማበጡን ያውቃል፤ ማረጋገጫ ስለሌለው ግን «ጎንደር ሂድ» ይለዋል። በሽተኛው የመሳፈሪያ ገንዘብ የለውም፤ ዛፍ ሥር ሄዶ ይተኛል። በመጨረሻ ለደብዳቤው መልስ መጣ፤ መልሱም ይህን ያህል ደብዳቤ ለምን እንደሚያበዛ የሚጠይቅ ነበር። ዛሬ ይህ ሰው በባሕር ማዶ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት አልጋ ያነጥፋል። በስልክ ሳነጋግረው ስለ ደመወዙ ብዙ አልተናገረም። ያስመረረው የሚያውቀውን እያወቀ እጁን አጣጥፎ መቀመጡ እንደ ነበረ ነው የነገረኝ።

ይህን ስል ደመወዝ ምንም አይደለም እያልሁ አይደለም፤ እንደዚያ የሚሉት ደመወዛቸው የሚበቃቸው ሰዎች ናቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። የሐኪሙ ደመወዝ በዚያው ፍጥነት አልተራመደም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን ሁላችንም አይተናል። በዚህ ላይ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የተነሣው ጦርነት አለ። በመንገድ ላይ ሰው የሚታገትበት አገር ለአዲስ ተመራቂ ምን ዓይነት ተስፋ እንደሚሰጥ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ይህን ስፍራ በቶሎ የማልፈው ነገሩ ትንሽ ሆኖ ሳይሆን ሁላችሁም ስለምታውቁት ነው።

አንዳንድ ሰዎች መድኃኒቱ ማስገደድ ነው ይላሉ። ዲፕሎማውን ያዙበት፤ የአገልግሎት ዘመኑን አስረዝሙበት፤ በሩን ዝጉበት ይላሉ። አገር ያስተማረችውን ሰው ጥቂት ዓመት አገልግለኝ ብትል ፍርድ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ወረቀቱ የተያዘበት ሐኪም ወረቀቱ የሚለቀቅበትን ቀን ይቈጥራል እንጂ በሽተኛ አይቈጥርም። ስለ በር መዝጋትም ከሆነ የመተማን ሰው ጠይቁ። ያን በር ንጉሥም ደርግም ዘግቶት አያውቅም። ሲዘጋ የሚጨምረው የደላላው ዋጋ ብቻ ነው።

ደግሞም የሚወስዱን አገሮች ንጹሓን አይደሉም። ሌላ አገር በከፈለበት ትምህርት ሆስፒታላቸውን ይሞላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ ጤና ባለሙያዎች ቅጥር ደንብ አውጥቶ፣ ባለሙያ ካነሰባቸው አገሮች በዘመቻ እንዳይቀጠር መክሯል፤ ከእነዚያ አገሮችም ኢትዮጵያ አንዷ ናት። ደንቡ ግን ምክር እንጂ ግዴታ ስላልሆነ፣ በእርሱ ተማምኖ መተኛት አይቻልም።

ታዲያ ሰው የሚቀረው እንዴት ነው? ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እኛው በተቀመጥንበት በዚህ በጎንደር ምሳሌ አለ። በደምቢያ ሜዳ ብዙ ሕዝብ የፈጀ የወባ ወረርሽኝ ከተነሣ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። የዚያ ትምህርት ቤት ብልሃት የኤውሮጳን ሐኪም በትንሹ ልቅዳ አለማለቱ ነው። የጤና መኰንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ጠባቂ ሦስቱን በአንድነት አሠልጥኖ፣ ገና ተማሪዎች ሳሉ ወደ ገጠር አውጥቶ አብረው እንዲሠሩ አደረገ። አንድን ሰው ብቻውን ወደ ቈላ አልወረወረም። ትምህርቱም የተሰፋው በአገሩ በሽታ ልክ ነበር። ሁሉም ቀሩ አልልም፤ ለተጨማሪ ትምህርት ሄደው በዚያው የቀሩ አሉ። ነገር ግን መንገድ ባልነበረበት ዘመን የጤና ሥራን ወደ አውራጃው ያደረሱት እነርሱ ናቸው። በ1970 ዓ.ም. ኮሌጁ ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ሐኪሞችን ማስተማር ሲጀምር የጤና መኰንኖች ትምህርት ተቋረጠ፤ ከብዙ ዓመት በኋላም እንደ ገና ተጀመረ። የሚሠራውን ነገር አፍርሶ እንደ ገና መጀመር የእኛ አገር ልማድ ስለ ሆነ ብዙ አልደነቅም።

ከዚህም ሌላ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የካላዛር ሕክምናና ምርምር ማእከል ተቋቁሟል። በዚያ የሚሠሩት ሐኪሞች በአዳዲስ መድኃኒቶች ፈተና ተካፍለው ጽሑፋቸው በዓለም መጽሔቶች ታትሟል። ይህን በሽታ ለማጥናት ለንደን የሚሄድ ሰው በሽተኛውን አያገኝም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 የእንዶድን ኀይል ያገኙት በዐድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው። በሌላ አገር ያን ወንዝ ከየት ያገኙት ነበር? የእኛ ችግር ለምሁር ሀብት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ የሚጐድለው ያን ሀብት የሚያወጣበት መሣሪያ ነው። የደቡብ ኮሪያ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1966 የሳይንስና የቴክኖሎጂ ተቋሙን ሲመሠርት በአሜሪካ የቀሩ ሊቃውንቱን የመለሰው በልመና አይደለም። ቤትና ከፍ ያለ ደመወዝ ሰጠ፤ ከዚያም በላይ ፋብሪካዎቹ የሚፈልጉትን ሥራ አምጥቶ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠላቸው።

ባለሙያን ከዚያው ከሚያገለግልበት ስፍራ መምረጥም ይጠቅማል። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሲጀመር፣ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ከየአካባቢያቸው ተመርጠው አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ተመደቡ። ከ30,000 በላይ ደረሱ። በእኛ አገር በሙቀቱ ምክንያት ምደባ የሚቀይር የደጋ ልጅ ሞልቷል፤ ከሽንፋ የሄደች ልጅ ግን ሙቀቱን አትፈራም፤ ተወልዳበታለችና።

በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የሱዳን ጦርነት ሲነሣ፣ ዕድሜ ልካችንን ወደ ውጭ የምናየው በር ወደ ውስጥ ተከፈተ። ከካርቱም የሸሸ ብዙ አሥር ሺህ ሰው በመተማ ገባ። ከእነርሱም ውስጥ ቀድሞ በዚሁ በር የወጡ ኢትዮጵያውያን፣ የሱዳን ሐኪሞችና መምህራንም ነበሩ። ጤና ጣቢያዎቻችን ባለሙያ አጥተው ሳለ፣ ሐኪም የሆነ ሰው በድንኳን ውስጥ የዱቄት ወረፋ ይጠብቅ ነበር። የሚቀበለው ቢሮ፣ የሚመረምርለት ወረቀት፣ የሚሠራበት ፈቃድ አልተዘጋጀለትም። የተማረ ሰው ደጃፋችን ድረስ ራሱ ሲመጣ እንኳ ምን እንደምናደርገው አላወቅንም። ታዲያ ከቺካጎ የሚመጣውን እንዴት ልንይዘው ነው?

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር፤ ሳልናገረው ብቀር አታለልኋችሁ ማለት ነውና። በደብተሬ ውስጥ የአንድ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የማመልከቻ ቅጽ አለ። ግማሹን ሞልቼዋለሁ። «ትምህርትዎን ሲጨርሱ ምን ለመሥራት ያስባሉ?» የሚለው ጥያቄ ላይ ስደርስ ሁለት ሳምንት ቆምሁ። እመለሳለሁ ብዬ መጻፍ ቀላል ነው፤ ሁሉም እንደዚያ ይጽፋል። ወደ የት እንደምመለስ፣ በምን እንደምሠራ መጻፍ ግን አልቻልሁም። እናቴ ስለ ቅጹ ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በኤሮፕላን ነው ወይስ በእግር? በኤሮፕላን ነው ስላት ደስ አላት። የአንዲት የሽንፋ እናት ደስታ ወደዚህ መውረዱን አስተውሉ።

ስለዚህ ከመንግሥት ምን እንደምንጠይቅ ብዙ ጊዜ ስለ ተነገረ፣ እኔ ለማኅበራችን አንድ ሥራ ብቻ አቀርባለሁ። ይኸውም የተመራቂዎች መዝገብ እንጀምር። ከዚህ ግቢ በየዓመቱ የሚወጣው ሰው የት ተመደበ? ከሁለት ዓመት በኋላ የት አለ? ከተመደበበት ከሄደ፣ ሲሄድ የጐደለበት ነገር ምን ነበር? መመርመሪያ ነው፣ ቤት ነው፣ ደመወዝ ነው፣ ደኅንነት ነው፣ ወይስ ደብዳቤውን የሚያነብለት አለቃ? ስሙ አይጻፍ፤ የትምህርት ክፍሉና ስፍራው ብቻ ይጻፍ። ውጭ ያሉትም ይመልሱልን፤ አብዛኞቹ ስለ አገራቸው የሚጠይቃቸው ሰው ይፈልጋሉ። ውጤቱ በዓመት አንድ ጊዜ በዚህ ጋዜጣችን ይውጣ፤ ለዩኒቨርሲቲው አስተዳደርና ለክልሉ ጤና ቢሮም አንዳንድ ቅጂ ይላክ። በሽተኛውን ሳይዳስስ መድኃኒት የሚያዝዝ ሐኪም በዚህ ግቢ አይመረቅም፤ እኛ ግን ስለ ስደት ለብዙ ዓመት ሳንዳስስ አዝዘናል።

የዘንድሮ ተመራቂዎች ሊወጡ ሦስት ወር ስለ ቀራቸው መዝገቡን ከእነርሱ መጀመር ይቻላል። የጤና መኰንን ተመራቂዎቹን ዝርዝር ይዤ መጥቻለሁ፤ ከሌሎች ክፍሎች ፈቃደኛ የሆነ ሰው ቢኖር ከንግግሩ በኋላ በበሩ አጠገብ እንገናኝ።